በዘሃራ ስም የተቀመጠው ገንዘቤ

መርሳ ላይ ጁስ ቤቴን የሚያዘወትር ደንበኛ ሁሉ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ ባንክ እንደ አሸን ፈልቶ፣ በየቀኑ ገቢሽን ቋጥረሽ እዚያ ቁጠባና ብድር ማኅበር ድረስ የምትኳትኚው ለምንድን ነው?» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ «ስለሚቀርበኝ ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ውሸቴን ነው። የሚቀርበኝስ ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ባንክ ነው፤ ዘበኛው ራሱ ፓፓያ ጁስ የሚጠጣው ከእኔ ዘንድ ነው። እውነተኛው ምክንያት ከአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ እሁድ ረፋድ የደረሰብኝ ነገር ነው። ብርጭቆ እያጠብኩ የምነግረው ስላልሆነ እስቲ ዛሬ ቁጭ ብዬ ላውራችሁ።

ያኔ ከሳዑዲ ከተመለስኩ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ መምጣቴ ነበር። ስሜ ጥሩዬ ነው፤ ከመርሳ ወጣ ብላ ካለች መንደር፣ ከክርስቲያን ቤተሰብ ነው የተወለድኩት። ሳዑዲ ግን ጥሩዬ የምትባል ሴት አልገባችም። የገባችው ዘሃራ ሰይድ ናት።

ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ላስረዳ። ደላላው «የሙስሊም ስም ከሆነ ቶሎ ይሳካል» አለኝ። ጎረቤታችን ዘሃራ ደግሞ ልትሄድ ብላ የቀበሌ መታወቂያ ካወጣች በኋላ ባል መጣላትና ሐሳቧን ቀየረች። «እኔ እንደሁ አልሄድበት፤ ውሰጂው» ብላ ሰጠችኝ። ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊት እንደሚዋዋሰው ነው የተዋዋስነው። ፓስፖርቱ በእሷ ስም፣ በእኔ ፎቶ ወጣ።

በመሃል ለዕረፍት ስመጣ ወልድያ ላይ የባንክ ሒሳብ የከፈትኩትም በዚያው ፓስፖርት ነው። ከዚያ በኋላ ደሞዜን በሙሉ ወደዚያ ላክሁ። ጠቅልዬ ስመጣ ግን የፓስፖርቱ ጊዜ አልፏል፤ ባንኩም ደንበኛ ሁሉ ሒሳቡን ከአዲሱ ብሔራዊ መታወቂያ ጋር ያገናኝ ብሏል። የእኔ መታወቂያ ደግሞ በአሻራዬና በእውነተኛ ስሜ፣ ጥሩዬ አበጋዝ ተብሎ ነው የወጣው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሁለቱን አገላብጣ አየችና «እህቴ፣ ይኼ ሒሳብ የዘሃራ ነው። ዘሃራ መታወቂያዋን ይዛ ትምጣ» አለችኝ። ምን ልበላት? «ዘሃራ እኔ ነኝ» እንዳልል መታወቂያዬ ሌላ ይላል። «ዘሃራ አይደለሁም» ብል ደግሞ ገንዘቡ የእኔ አይደለም ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ምንጣፍ የጠረግሁበት፣ የሰው ልጅ ያዘልኩበት ገንዘብ ነው።

ጊዜም አልነበረኝም። ሐጂ ይመር የሚባሉ የመርሳ ሽማግሌ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ሊያከራዩኝ ተስማምተን ነበር። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋሉ። «እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ፤ ከሰኞ ወዲያ ግን ለጠየቀኝ ሰው እሰጣለሁ» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ማንጎና ፓፓያ በሞላበት አገር መናኸሪያ አጠገብ ጁስ ቤት መክፈት ማለት ምን ማለት እንደሆነ መርሳን የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ በሐሳቤ መፍጫውን ደርድሬ፣ ወንበሩን ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ። ያቺ ክፍል ካመለጠችኝ የሚቀረኝ መንገድ ተመልሶ ደላላ ቤት መሄድ ነው። እሱን ደግሞ ከሞት እኩል ነበር የምፈራው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መርሳ አቅራቢያ ወዳለችው ግራና ሄድኩ። ዘሃራ ያገባችው እዚያ ነው፤ ከሄድኩ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ግቢዋ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትለቅም ደረስኩ። ትልቁን ለብቻ፣ ደቃቃውን ለብቻ እያደረገች ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳት።

«ወአለይኩም ሰላም» አለችና ቀና ብላ ትንሽ አየችኝ። «ጥሩዬ! ያ አላህ! አንቺ ነሽ?»

ብድግ ብላ አቀፈችኝ። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እናቴ ደህና መሆኗን፣ አባቴ ማረፉን፣ የእሷ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸውን፣ ከባሏ ጋር መለያየታቸውን ተጠያየቅን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገር ነገርኳት። እየሰማችኝ ሽንኩርቷን መልቀም አላቆመችም። 

«ከባሌ ከተለያየን በኋላ እኔም ልሄድ ብዬ ነበር» አለች ስጨርስ። «ፓስፖርት ላወጣ ሄድኩ። ‹አንቺ እኮ ፓስፖርት አለሽ፤ ከአገር ወጥተሻል› አሉኝ። ‹ኧረ አልወጣሁም፣ ይኸው ፊታችሁ ቆሜ› ብል ማን ይስማኝ! ሳቁብኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ከሽንኩርቱ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የት አግኝቼሽ? ሳዑዲ ደውዬ ዘሃራ ሰይድን አገናኙኝ ልበል?»

ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። «ግድ የለሽም፤ ገንዘቡ ሲወጣ የሚገባሽን እሰጥሻለሁ» አልኳት።

ያኔ ነው ሽንኩርቱን ትታ ዓይን ዓይኔን ያየችኝ። «የሚገባኝ ስንት ነው?» አለችኝ።  መልሴን ሳትጠብቅ «ነገ በጠዋት መርሳ እመጣለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያቺ «የሚገባኝ ስንት ነው» እስከ ቤቴ ተከተለችኝ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ጭራሽ አባሰችብኝ። «ገንዘቡን በእጇ ካስገባች በኋላ ‹ስሜ ነው፣ የራሴ ነው› ብትልሽ የት ቆመሽ ልትከሻት ነው? የፈረመችው እሷ! መታወቂያው የእሷ! እሷ በአንቺ ምክንያት ስንት ነገር ቀርቶባታል» አለች። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ያለችው ሁሉ እውነት ስለነበረ ነው የከፋኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘሃራ ጥቁር ሒጃቧን ለብሳ ከተፍ አለች። እኔ ነጠላዬን ደርቤ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዕቅዳችን ቀላል ነበር። ዘሃራ መታወቂያዋን ትሰጣለች፣ አሻራዋን ታሳርፋለች፣ ትፈርማለች፣ ታወጣለች።

«ምን ብለው ይጠይቁኛል?» አለችኝ በመንገድ ላይ።

«ምንም። መታወቂያሽን ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ከጠየቁኝስ?»

«ዝም በያቸው።»

«እኔ ዝም ማለት የምችል መሰለሽ?» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ወልድያ ስንደርስ ባንኩ በቅዳሜ ደንበኛ ተጨናንቋል። ወረፋ ይዘን ተራችን እስኪደርስ እኔ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ዘሃራ ስትጠራ ብቻዋን ሄደች። አሻራዋን አሳረፈች፤ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ፈገግ አለችላት። አልሃምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለ ቀን የማርያምንም የአላህንም ስም አልመርጥም። ከዚያ ልጅቷ ኮምፒዩተሯን አየች፣ ዘሃራን አየች፣ እንደገና ኮምፒዩተሯን አየች። ዞር ብላ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ጠራች። አለቃዋ መሆኑ ነው። እሱም መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና ኮምፒዩተሩን ወደ ዘሃራ አዞረው።

ከተቀመጥኩበት ሆኜ ፎቶውን አየሁት። እኔ ነኝ። ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንቤ፣ ከስቼ፣ ዓይኔ ጎድጉዶ የተነሳሁት ነው። በዕቅዳችን ውስጥ ፎቶ የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ ብሎን አያውቅም።

«ይህ ፎቶ የእርስዎ ነው?» አላት ሰውየው በትሕትና።

 ዘሃራ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ሁለታችንም ረዘም ያለ ፊት ነው ያለን፤ ሁለታችንም ጠይሞች ነን። በሒጃብ ውስጥ ያለ የድሮ ፎቶ ማንን አይመስልም? ሰውየው ራሱ መንገዱን ጠረገላት። «ያኔ ከስተው ነበር መሰለኝ?» አላት።

በይ፣ አዎ በይ፣ አልኩ በልቤ። አንዲት አዎ ብቻ!

ዘሃራ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመለሰች። «አይ ወንድሜ» አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማት። «ፎቶው የእኔ አይደለም። ስሙ ነው የእኔ።»

«ገንዘቡስ?»

«ገንዘቡ የዚያችኛዋ ነው» ብላ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

ሰውየው ሁለታችንንም ቢሮው አስገባን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርነው። ቢፈልግ ፖሊስ መጥራት ይችል ነበር፤ አልጠራም። አዳምጦን ሲጨርስ «እኔ አምኛችኋለሁ» አለ። «የእኔ ማመን ግን አይበቃም። ፍርድ ቤት ሂዱ። ዘሃራ ተብላ ሒሳቡን የከፈተችው ጥሩዬ መሆኗን፣ ገንዘቡም የእሷ መሆኑን በሰው ምስክር አረጋግጡና የፍርድ ቤት ወረቀት አምጡ፤ ያን ጊዜ እንከፍላለን። እስከዚያ ሒሳቡን ማንም አይነካውም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኩት።

«እሱን እኔ አላውቅም እህቴ» አለኝ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ያን ዕለት ግን ከረባቱን ይዤ ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ንዴቴን ያወረድኩት ዘሃራ ላይ ነው። ከባንኩ ደጃፍ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ሚኒባሱ ውስጥ አፌን አልዘጋሁም።  መንገድ ላይ ሲሪንቃ ስንደርስ ረዳቱ ከላይ የተጫነ ዕቃ ሲያወርድ ሚኒባሱ ቆመ። ወረድ ብለን ጥላ ሥር ቆምን።

«አንዲት ቃል!» አልኳት። «አንዲት አዎ ማለት አቅቶሽ ቤቴን አሳጣሽኝ! ሆን ብለሽ ነው? የፓስፖርቱን ቂም እየተወጣሽብኝ ነው?»

ዘሃራ መጀመሪያ ሒጃቧን አስተካከለች። «ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«አሁን እኔን ስሚኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔ ነው ብዬ ተቀብዬ፣ ውጭ ወጥቼ ብሰጥሽ፣ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። ያንቺ ላብ እኮ ነው። እኔ የምሰጥሽ ስጦታ ነው እንዴ? የሰው ሐቅ ነው።» ወደ ሚኒባሱ አየት አደረገች። «ደግሞ ልንገርሽ፣ ነፍሴን አላምናትም። ሁለት ልጅ አሉኝ፤ የሽንኩርቱ ነገር እንደምታዪው ነው። ያ ሁሉ ብር ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ ከወልድያ እስከ መርሳ ምን ምን እንደማስብ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድሬያለሁ፣ ወላሂ። እጄ ሳይገባ የተናገርኩት ለዚህ ነው።»

እናቴ የፈራችውን ራሷ ዘሃራ አፍ አውጥታ ነገረችኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ ብዬ የምናገር አይመስለኝም። ንዴቴ ውልቅ ብሎ ጠፋ፤ ጭንቀቴ ግን እንዳለ ነው።

«እና አሁን ምን ልሁን?» አልኳት።

«ነገ እሁድ አይደል? መርሳ ላይ የማኅበራችን ቀን ነው። አብረሽኝ ትመጫለሽ።»

«ብር ሳይኖረኝ ቁጠባ ማኅበር ምን ልሠራ?»

«ምስክር አይደል አምጪ ያሉሽ? ምስክር ያለው እዚያ ነው» አለችኝ። ረዳቱ ጠራንና ገባን።

ስለዚያ ማኅበር ከዚያ በፊት የምሰማው የነበረው ለቀልድ ያህል ነው። ገበሬው፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ፣ አስተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እያጠራቀመ የሚበደርበት፣ ከግራናም ከውርጌሳም አባል ያለው ማኅበር ነው። እንደ እኔ ያለች ወልድያ ባንክ ደብተር ያላት ሰው ዞር ብላ የምታየው አልነበረም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቀትሩ ሶላት ሳይደርስ በፊት አባላቱ ግቢው ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ሰው አባል ሲሆን መሃል ላይ ይቆምና ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነና የሚተዳደርበትን ይናገራል። ከነባሮቹ ሁለት ሰዎች ተነስተው «አውቀዋለሁ» ማለት አለባቸው። ሁለት አውቀዋለሁ ባይ ያጣ ሰው ብር በጆንያ ቢያመጣም አይቀበሉትም። እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ ስለሚበደሩ ሰውየውን ማወቅ አለባቸው።

እሁድ ግቢው ደጃፍ ስደርስ ፊት ለፊት ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ሐጂ ይመር! በነገታው ኪራይ ልከፍላቸው ቃል የገባሁላቸው ሐጂ፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ተክለው። ዞር ብዬ ልመለስ ስል ዘሃራ ነጠላዬን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ፣ ሰውነታቸው ትንሽ፣ ድምፃቸው ግን ግቢውን የሚሞላ ሴት ናቸው። የማኅበሩን ጉዳይ ጨርሰው «አዲስ ሰው አለ ተብሏል። ነይ እስቲ እህቴ፣ መሃል ግቢና ስምሽን ንገሪን» አሉኝ።

ቆምኩ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩና «ዘሃራ ሰይድ» አልኩ።

ወዳጆቼ፣ አስቤ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ፖሊስ፣ አሠሪ፣ የአውሮፕላን ጣቢያ ሰው፣ ሥልጣን ያለው ማንም ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነበር። በጥያቄ ሲያፋጥጡኝ የምትወጣው ዘሃራ ናት፤ ጥሩዬ እናቴ ቤት ነው የምትቀረው።

 ከዚያ ከኋላ አንዱ «ዘሃራ ሰይድማ ይቺው አጠገብሽ ተቀምጣለች!» አለና ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ እሳት ሆነ። ሐጂ ይመር ግን አልሳቁም።

«ቆይ ልጄ» አሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው። «ቤቱን ስትጠይቂኝ ጥሩዬ ነኝ አላልሽኝም? ዛሬ ደግሞ ዘሃራ ሆንሽ? ነገስ ማን ልትሆኚ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሰው እርስ በርሱ መንሾካሾክ ጀመረ። እዚያ ግቢ ውስጥ አጭበርባሪ ሆኜ ቀረሁ ብዬ ቆረጥኩ። ቤቱም ሄደ፣ ገንዘቡም ሄደ፣ አሁን ደግሞ ስሜም ሄደ። 

ዘሃራ ብድግ አለች።

«ጉባኤው ይስማኝ» አለች። «ዘሃራ እኔ ነኝ። ይቺ ጥሩዬ ናት፣ የአበጋዝ ልጅ። ዓረብ አገር ስትሄድ ስሜን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ስሜን ይዛ ሰው አገር ሠርታለች። በስሜ አልሰረቀችም፤ በስሜ አልተበደረችም፤ ስሜን ሳታሰድብ ይዛልኝ መጥታለች። ትናንት ባንክ ገንዘቧን የከለከላት እኔ እውነቱን ስለተናገርኩ ነው፤ ለሐቋ ስል ነው ያስከለከልኳት። አውቃታለሁ። ነገ ተበድራ ብትጠፋ እኔ እዚህ ካስቀመጥኩት ውሰዱ።»

ይህን ብላ ቁጭ አለች። እኔ ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ያህል ሳዑዲ ላይም አልቅሼ አላውቅም። ስሜን ሳታሰድብ ይዛልኝ መጥታለች። በእኔ ምክንያት በገዛ አገሯ የተሳቀባት ሴት ናት እኮ እንዲህ ያለችው።

«አንድ ሆነ» አሉ ወይዘሮ ደብሬ። «ሁለተኛ ማን አለ?»

ማንም አልተነሳም። ከዘሃራ በቀር የመንደሬ ሰው አንድም አልነበረም። ወይዘሮ ደብሬ ዓይናቸውን በሰዉ ላይ አዞሩ። 

«ያቺን ቤት ጁስ ቤት ነው የማደርጋት ያልሽኝ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሐጂ ናቸው።

«አዎ ሐጂ።»

«ረመዳን ሲገባ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ትከፍቻለሽ?»

«እከፍታለሁ።»

«ስኳር አታብዢበት እንግዲህ፤ እኔ ስኳር አለብኝ።» ሰው ሳቀ። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። «አውቃታለሁ። እሷን ባላውቅ አባቷን አበጋዝን አውቀዋለሁ፤ ድሮ እዚያ መንደር ሳለሁ አንድ ቅሬ ነበርን። እናቴን የቀበረ ሰው ነው።» ቅሬ እድር ማለት ነው፤ እኛ አገር ሙስሊምና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። «ምነው የአበጋዝ ልጅ ነኝ ብለሽ ብትነግሪኝ! ቤቱን ክፈቺ። ኪራዩን በየወሩ ትሰጪኛለሽ» አሉኝ።

«ሁለት ሆነ» አሉ ወይዘሮ ደብሬ። «በይ አሁን ስምሽን እንደገና ንገሪን።»

«ጥሩዬ አበጋዝ» አልኩ።

«አልተሰማም!»

«ጥሩዬ አበጋዝ!» ብዬ ጮህኩ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ የያዝኳትን ጥቂት ብር ፈትቼ ለመመዝገቢያ ከፈልኩ። የመጀመሪያ ቁጠባዬ ከአንድ ኪሎ ማንጎ ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ግን እንደ ትልቅ ነገር ተቀብሎ ደረሰኝ ቆረጠልኝ።

ፍርድ ቤቱ ጊዜ ወሰደ። ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። በየቀጠሮው ግን ዘሃራ ሽንኩርቷን ትታ፣ ወይዘሮ ደብሬ ሥራቸውን ትተው፣ ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው መሰከሩልኝ። በስተመጨረሻ ወረቀቱ ተሰጠኝ፤ ገንዘቤም ወጣ። የባንኩ ሰውዬ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ በእውነተኛ ስሜ ሒሳብ ከፈተልኝ። ዛሬም አለኝ። ደሴ ላለ ነጋዴ ብር መላክ ሲያስፈልገኝ በእሱ ነው የምልከው።

ስለዚህ ባንክ አትሂዱ እያልኳችሁ አይደለም። ማኅበሩ የራሱ ጣጣ አለው። ካርድ የለውም። ቅሬ ሲጠራ ሁሉም ለቀብር ይወጣና በሩ ይዘጋል። ስንት እንዳስቀመጥሽ ጎረቤትሽ ያውቃል፤ ከፍ ያለ ገንዘብ ላውጣ ስትዪ «ምነው፣ በሰላም ነው?» የሚልሽ አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን አያናድደኝም። ገንዘባችሁን የት እንደምታስቀምጡ ስትመርጡ ወለዱንና ወረፋውን ብቻ አትዩ። አንድ ቀን ወረቀታችሁ ሌላ ቢናገር፣ ብድግ ብሎ «አውቃታለሁ» የሚል ሰው ያለው የት ነው? እሱንም አስቡ። እኔ የዕለት ገንዘቤን እዚያ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን ፍሪጅ የገዛሁት ከማኅበሩ ተበድሬ፣ ዘሃራ ዋስ ሆናልኝ ነው። እሷ ለሽንኩርት ዘር ስትበደር እኔ ዋስ ሆንኩ። ብድሩ ላይ ወለድ እንዳይኖርበት ተስማምታ ነው የወሰደችው፤ ማኅበሩ ለፈለገ ሰው እንዲያም ያደርጋል።

ገንዘቤ የወጣ ዕለት ግራና ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ራሷን ጠየቅኋት። «የሚገባሽ ስንት ነው?» አልኳት። 

«ስሜ መካ አገር ስድስት ዓመት ኖሮ እኔ አንድ ቀን አልደረስኩም» አለችኝ። «እንድደርስ እርጂኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

በማግሥቱ ማኅበሩ ውስጥ ለጉዞዋ የሚሆን ቁጠባ በስሟ ተከፈተ። መጀመሪያ እኔ ጨመርኩበት፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ከሽንኩርቷ፣ እኔም ከጁሴ እንጨምርበታለን። የፍርድ ቤቱ ወረቀት በስሟ ከአገር የወጣሁት እኔ መሆኔን ስለሚናገር፣ ለእኔ ገንዘቤን እንደመለሰ ሁሉ ለእሷም ስሟን መልሶላታል።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጣች። ማንጎ ጁስ ቀዳሁላት፤ ሳትነካው ከቦርሳዋ አዲስ ፓስፖርት አወጣችና ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ አነሳሁት። ዘሃራ ሰይድ ይላል። ፎቶውም የእሷ ነው።